አዲሱ የዓባይ ድልድይ (ባሕር ዳር)

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በባሕር ዳር ከተማ፣ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጉዞውን በሚጀምርበት አካባቢ የተሠራ የመኪናና የእግረኛ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መኪና ያሳልፋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድም አለው። ግንባታውን ያካሄደው የቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ሲሆን ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቋል።

ድልድዩ የከተማዋ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም በገንዳ ውኃ አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስና የሱዳን ድንበር የሚዘልቀው ዋና መንገድ ዓባይን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ መጀመሪያ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው በረሃ፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር ላይ። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥና ጥጥ ጭኖ ወደ መሃል አገር የሚሄድ መኪና ባሕር ዳር ላይ መሻገር ካልቻለ፣ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር፣ በወልድያና በደሴ መዞር ይኖርበታል። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ደግሞ ጠባብ ነው። የከተማው ባጃጅ፣ እግረኛውና ከባድ መኪናው ሁሉ በእሱ ላይ ይጋፉ ነበር።

የድልድዩ ዓይነት «ኤክስትራዶዝድ» ይባላል። ከሩቅ ሲታይ በኬብል የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማማዎቹ አጫጭር ናቸው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው፣ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። የድልድይ ወለል በምሰሶ ላይ ሲያርፍ፣ ግራና ቀኝ ያለው ክብደት ወደ ታች ስለሚጎትተው ከምሰሶው በላይ ያለው የላይኛው ገጽ ይሳባል። ይህን ለመከላከል የብረት ኬብል ወጥሮ ኮንክሪቱን አስቀድሞ መጭመቅ ያስፈልጋል። በተለመደው የኮንክሪት ድልድይ ኬብሉ ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በዚህኛው ግን ወደ ላይ ወጥቶ በማማው በኩል ያልፋል። ኬብሉ ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፤ እጀታው የረዘመ መፈንቅል ድንጋይ በቀላሉ እንደሚያነሣ ማለት ነው። ኬብሉ ብዙም ሳይቆም ዘንበል ያለ ስለሆነ ክብደቱን ሁሉ አያነሣም፤ የቀረውን ወለሉ ራሱ ይሸከማል። ስለዚህ ወለሉ በኬብል ብቻ ከተንጠለጠለ ድልድይ ወለል ይወፍራል፣ ኬብል ከሌለው ድልድይ ወለል ግን ይቀጥናል።

ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣክ ማቲቫ ነው (እ.ኤ.አ. 1988)። የመጀመሪያው የተሠራው በጃፓን ኦዳዋራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠናቀቀ። እንዲህ ያለ ድልድይ ብዙውን ጊዜ ከማማው ግራና ቀኝ እኩል እየተቀጠለ፣ እንደ ሚዛን ሳያጋድል ይሠራል። ወንዙ ውስጥ የእንጨት ወይም የብረት መደገፊያ መደርደር ስለማያስፈልግ ለዓባይ ዓይነቱ ወንዝ ይመቻል።

በዚሁ መንገድ ላይ የዓባይን በረሃ የሚያሻግረው የሕዳሴ ድልድይም ኤክስትራዶዝድ ነው። 303 ሜትር ይረዝማል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመርቋል።