የቧንቧ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ተጠያቂው ማን ነው?

በአዲስ አበባ የቧንቧ ሠራተኛ ማግኘት አያስቸግርም። በግንባታ ዕቃ መደብሮች በራፍ ላይ ቁልፍና መጋዝ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ሞልተዋል። እነሱ ቢጠፉ የሕንፃው ጥበቃ የአንዱን ስልክ አያጣም። ስለ ዋጋ እንከራከራለን፣ ስለ ዕቃው ጥራት እንጠይቃለን። የሙያ ማረጋገጫ እንዳለውና ጉዳት ቢያደርስ ከምን እንደሚከፍል ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሳው ውኃው ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዶ የጎረቤት ኮርኒስ ሲረጥብና ፓርኬው ሲያብጥ ነው።

በቅድሚያ የሚምታቱ ነገሮችን እንለይ። የመጀመሪያው የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የቧንቧ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ከደረጃ 1 ጀምሮ ይመዘናል። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው ይኸው ነው። ይህ ወረቀት ሰውየው ሥራውን እንደሚያውቅ ይመሰክራል እንጂ ንግድ እንዲነግድ አይፈቅድለትም። ሁለተኛው ንግድ ፈቃድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ድርጅት ደረሰኝ ይሰጣል፣ አድራሻም ይኖረዋል። ነገር ግን ፈቃዱ ስለ ሠራተኛው እጅ አይመሰክርም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሦስተኛው የሥራው ፈቃድ ነው። ያረጀ ቧንቧ ለመቀየር ፕላን የሚያስጸድቅ የለም። በጋራ ሕንፃ ለሚኖር ግን ሌላ ገደብ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል። ብዙ ፎቆችን የሚያገለግል የፍሳሽ መስመር የአንድ ሰው ንብረት ስላልሆነ ማኅበሩ ሳያውቅ ሊነካ አይገባም።

አራተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ ትልቁ ክፍተትም እዚህ ላይ ይታያል። መኪና የሚነዳ ሰው በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልተደነገገም። የኃላፊነት ኢንሹራንስ በ1952ቱ የንግድ ሕግ የታወቀ ውል ቢሆንም የሚገባው የወደደ ብቻ ነው። በራፍ ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ይገዛዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ታዲያ ጉዳት ሲደርስ ሕጉ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያዛል። ይህን ባለማድረጉ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። በአንቀጽ 2134 ደግሞ ሠራተኛው በአሠሪው ሥልጣን ሥር ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ከሆነ አሠሪው ለእሱ ጥፋት አይጠየቅም። እዚህ ድረስ ያነበበ ባለቤት እፎይ ይል ይሆናል። ግን አንቀጽ 2077ን ማንበብ አለበት። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ አደጋ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። የቧንቧ መስመር የሕንፃው አካል ነው ብሎ የታችኛው ጎረቤት ቢከስ የሚያሳፍር ክርክር አይሆንበትም። ጎረቤቱ ከውል ውጭ ለደረሰበት ጉዳት ክሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143 ይህን ይወስናል።

ባለቤቱ ከከፈለ በኋላ ሠራተኛውን መልሶ መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ስሙን በቅጽል ብቻ የሚያውቀውን፣ ስልኩን የዘጋ ሰው የት ያገኘዋል? ቢያገኘውስ ከምኑ ያስከፍለዋል? መብት በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ ካሳ አያስገኝም።

በእኔ አስተያየት ነገ ሁሉም የቧንቧ ሠራተኛ ኢንሹራንስ ይግባ የሚል አዋጅ ቢወጣ ሠራተኛውን ከገበያ ወደ ጓሮ መግፋት ይሆናል። ዐረቦኑን የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። ይልቅ የሕንፃ ማኅበራት ብቃታቸው የተመዘነ ሠራተኞችን ስም መዝግበው ይያዙ። ሠራተኞቹ በማኅበር ሲደራጁ በጋራ ዋስትና ሊገቡ ይችላሉ።

እስከዚያው እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለው አለ። የመታወቂያውንና የሲኦሲውን ፎቶ በስልካችን እንያዝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሕጉ የጽሑፍ ውል ባያስገድድም ሥራውን፣ ዋጋውንና ቀኑን በአንድ ገጽ ጽፈን እንፈራረም። ውሉ ለክርክር ማስረጃ ነው። ክፍያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንስጥ፤ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ውኃው ተለቆ መገጣጠሚያው ይፈተሽ። የቤት ኢንሹራንስ ያለው ሰውም ውሉ የራሱን ንብረት ብቻ ነው ወይስ ለጎረቤት የሚደርሰውን ጉዳትም ይሸፍናል ብሎ ይጠይቅ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ አንድ የካሳ ክስ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል።