ምርጫችን የት ደረሰ? የቪዲዮ ጨዋታና የመንገድ ስሌት

ለዓመታት በጉጉት የተጠበቀና እጅግ የተሞገሰ የቪዲዮ ጨዋታ በመጨረሻ ተጫዋቹን ቅር ሲያሰኘው ይስተዋላል። ቅሬታው በተለይ የሚበረታው ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ ታሪኩን በራሱ ውሳኔ በሚመራባቸው ጨዋታዎች ላይ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን ለአዘጋጆቹ ስንፍና ይሰጡታል። እኛ ግን ከነቀፋው በፊት ስሌቱን እንመልከት እንላለን።

የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ ያዘጋጀው «ማስ ኢፌክት» ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ሦስቱ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2010 እና በ2012 ወጡ። ተጫዋቹ ኮማንደር ሼፐርድን ሆኖ በመጀመሪያው ክፍል ያሳለፈው ውሳኔ በቀጣዮቹም ይከተለዋል። በሦስተኛው ክፍል ፍጻሜ ግን ያ ሁሉ ውሳኔ ቢበዛ ወደ ሦስት ምርጫዎች ጠበበ፤ የመዝጊያ ትዕይንቶቹም በአመዛኙ የሚለያዩት በቀለማቸው ነበር። ተጫዋቾች አጥብቀው ተቃወሙ።

ይህ ለምን ሆነ? እስቲ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥተን፣ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ እንውጣ። የእግር መንገዱ በየጥቂቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የተለያዩት መንገዶችም ዳግመኛ አይገናኙም እንበል። ከ10 መገንጠያዎች በኋላ 1,024 መድረሻዎች ይኖሩናል፤ ከ20 በኋላ ደግሞ 1,048,576። አንድ ደራሲ በየቀኑ አንድ ፍጻሜ ቢጽፍ ሥራውን ለመጨረስ ከ2,800 ዓመት በላይ ይፈጅበታል!

አሁን ደግሞ የተለያዩት ሁለት መንገዶች ጥቂት ሄደው ይገናኙ። ለ20 መገንጠያዎች የሚያስፈልጉን 40 ቁራጭ መንገዶች ብቻ ይሆናሉ። መንገደኛው አሁንም በ1,048,576 ዓይነት አካሄድ መውጣት ይችላል፤ የሚደርሰው ግን ከአንዱ ጫፍ ላይ ነው። የጨዋታ አዘጋጆች የሚከተሉት ዘዴ በአመዛኙ ይኸው ነው። ውሳኔዎቹን መመዝገብ አያስቸግርም፤ ለ20 ውሳኔዎች 20 ቢት ይበቃል። ከባዱ ለእያንዳንዱ ስብጥር ተገቢውን መልስ መጻፍ ነው።

እርግጥ ቅሬታ ሁሉ ከዚህ አይመነጭም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የወጣው «ሳይበርፓንክ 2077» በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በአግባቡ ባለመሥራቱ ሶኒ ለወራት ከመሸጫ ገጹ አንሥቶት ነበር። እንዲህ ያለው ጉድለት በጊዜና በድካም ይታረማል፤ የቅርንጫፎቹን ብዛት ግን ድካም አያሸንፈውም። ባዮዌርም እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ያለ ክፍያ ያቀረበው ተጨማሪ ክፍል ፍጻሜውን አብራራ፣ አሰፋ እንጂ በሌላ አልተካውም።

ከአንባብያን መካከል ነገ የራሱን ጨዋታ ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር፣ «ምርጫህ ሁሉ ፍጻሜውን ይለውጣል» ብሎ ቃል ከመግባቱ በፊት መገንጠያዎቹን ይቁጠር። ተጫዋቹም ጨዋታውን በጫፉ ብቻ አይመዝነው፤ የራሱ የሆነው የወጣበት መንገድ ነውና።