ከአንድ ደንበኛ ወደ ሌላው፦ የአነስተኛ ሱቅ ዜና በማኅበራዊ መረብ እንዴት ይዛመታል?

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን የሚገኙ አነስተኛ ነጋዴዎች በቴሌግራም፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ገጽ መክፈትን እንደ ሥራቸው አንድ ክፍል ሲቆጥሩት ይታያል። ገጹን ለመክፈት ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ተከታይ አላችሁ?» የሚል ሲሆን፣ ይህን ቁጥር ለማሳደግ ሲሉ ገንዘብ ከፍለው ተከታይ የሚገዙም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የነጋዴውን ዕጣ የሚወስነው ቁጥር ሌላ መሆኑን፣ ይህም ቁጥር ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት «እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ እስቲ ገጽ ክፈቱልን» ሳትባሉ አልቀራችሁምና ነገሩ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

ከኒውትሮን ወደ ደንበኛ

እንደሚታወቀው የዩራኒየም 235 ኑክሊየስ በኒውትሮን ተመትቶ ሲሰነጠቅ በአማካይ 2.4 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይለቃል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ምንም ሳይሰነጥቁ ይዋጣሉ፤ ሌሎቹም አምልጠው ይወጣሉ። በመሆኑም ወሳኙ ጥያቄ አንድ ኒውትሮን በሚቀጥለው ትውልድ በአማካይ ስንት ኒውትሮን ይተካል የሚለው ነው። ይህን ቁጥር የብዜት መጠን ብለን «ብ» በሚለው ፊደል እንወክለው። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሰንሰለታዊ የኑክሌር ሂደት ሲያስጀምሩ ይህ ቁጥር ከ1 በላይ የነበረው በጣም በጥቂቱ ነው፤ 1.0006 ያህል ነበር።

አሁን በኒውትሮን ምትክ ደንበኛን እናስብ። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። የቴሌግራም ቻናሏን አይተው በቀጥታ 50 ሰዎች ገዙ። እያንዳንዱ ገዢ በአማካይ «ብ» ያህል አዲስ ገዢ ቢያመጣ፣ ጠቅላላው ቁጥር 50 + 50ብ + 50ብ² + … እያለ ይቀጥላል። «ብ» ከ1 ካነሰ ይህ በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ጂኦሜትሪክ ሲሪስ ነው፤ ድምሩም 50 ÷ (1 − ብ) ይሆናል።

ቁጥሮቹን እንመልከት። «ብ» 0.5 ቢሆን ጠቅላላ ገዢዎች 100 ይሆናሉ። 0.8 ቢሆን 250፣ 0.9 ቢሆን ደግሞ 500 ይደርሳሉ። ከ0.8 ወደ 0.9 የተደረገው ጭማሪ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱን በእጥፍ አሳድጎታል። ነጋዴዋ 5,000 ተከታይ ብትገዛ ግን መነሻው 50 መሆኑ አይለወጥም፤ የተገዙት ተከታዮች ራሳቸው አይገዙም፣ ገዢም አያመጡም። ልክ ኒውትሮን ውጦ ዝም እንደሚል ቁስ ናቸው።

ዜናው መንገድ ላይ ለምን ይቀራል?

እ.ኤ.አ. በ1969 ጄፍሪ ትራቨርስና ስታንሊ ሚልግራም ባሳተሙት ጥናት፣ በነብራስካና በቦስተን የሚኖሩ 296 ሰዎች አንድ ሰነድ በማሳቹሴትስ ወደሚኖር አንድ የአክሲዮን ደላላ እንዲያደርሱ ተጠይቀው ነበር። ደንቡ ሰነዱን በቅርብ ለሚያውቁት ሰው ብቻ ማቀበል ነው። የደረሱት በአማካይ በ5.2 አቀባዮች በኩል አልፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ የመንገዱ ማጠር ነው። ይሁን እንጂ ከ296ቱ የደረሱት 64 ብቻ መሆናቸው ለእኛ ርእስ የበለጠ ያስተምራል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው መንገድ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ እጅ ላይ «ይቆየኝ» የሚል ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው።

ስለሆነም ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ዋና ተግባር ማቀበልን ቀላል ማድረግ ነው። በአገራችን የተለመደ አንድ ልማድ እንውሰድ። ብዙ ሻጮች የልብሱን ፎቶ ይለጥፉና «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ። ሻጩ ይህን የሚያደርገው ለመደራደር ወይም ከተፎካካሪ ለመደበቅ ይሆናል። ነገር ግን ፎቶው ለእኅት ወይም ለሥራ ባልደረባ ሲላክ ዋጋው አብሮት አይሄድም። ተቀባዩ ገና ከማያውቀው ሰው ጋር መነጋገር ይጠበቅበታል፤ አብዛኛው ሰው እዚያው ላይ ይተወዋል። እያንዳንዱ ልጥፍ ከገጹ ተነጥሎ ቢላክ እንኳ ብቻውን ሊቆም ይገባዋል፤ ይኸውም ዋጋውን በብር፣ ልኩን በሴንቲሜትር፣ የሱቁን አድራሻ፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የማድረሻውን ጊዜና የአከፋፈሉን መንገድ ይዞ ማለት ነው። በተለይ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቴሌብርም ሆነ የባንክ ዝውውር አንድ ገዢ ሱቁ ድረስ ሳይመጣ እንዲከፍል ያስችላል፤ ይህም በልጥፉ ላይ መጻፍ አለበት።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር እንጨምር። የቀን ብርሃን የቀለም ሙቀት ወደ 5,500 ኬልቪን ሲሆን፣ የተለመደው የክር አምፖል ግን ወደ 2,700 ኬልቪን ይጠጋል። በአምፖል ሥር የተነሣ ነጭ ነጠላ ቢጫ ሊመስል፣ የጥለቱም ቀለም ሊለወጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የስልኩ ካሜራ ለማስተካከል ቢሞክርም የቀንና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቁበት ይሳሳታል። ልብሱን በቀን፣ በጥላ ሥር ማንሣት ምንም ወጪ የለውም። ገዢው የተረከበው ከፎቶው ጋር ካልተመሳሰለ ግን ለሌላ ሰው የሚነግረው ስለ ልብሱ ውበት አይሆንም።

የሩቅ ትውውቅ ጉልበት

ዜናው በአንድ ሰፈር ውስጥ ብቻ ቢዘዋወር ቶሎ ያልቃል፤ ሁሉም ቀድሞ ሰምቶታልና። ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቦስተን አካባቢ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ፣ ወሬውን የነገራቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ደንከን ዋትስና ስቲቨን ስትሮጋትስም እ.ኤ.አ. በ1998፣ ጎረቤት ከጎረቤት ብቻ በተሳሰረበት መረብ ውስጥ ጥቂት ክሮች ወደ ሩቅ ቢዘረጉ የመረቡ አማካይ ርቀት በእጅጉ እንደሚያጥር በሒሳብ አሳይተዋል።

ለሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ እንዲህ ያለው ክር በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የምትኖር የአንዲት ደንበኛ እኅት ልትሆን ትችላለች። እርሷ ፎቶውን ለጓደኞቿ ብትልከው ዜናው ፈጽሞ አዲስ ወደ ሆነ ሰፈር ይገባል። ስለዚህ ጨርቁን በእጇ ለማትዳስሰው ገዢ የሚሆን መረጃ፣ ማለትም የጨርቁ ዓይነት፣ የአስተጣጠቡ ሁኔታና ወደ ውጭ አገር የሚላክበት መንገድ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።

«ብ»ን በደብተር መለካት

«ብ»ን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እያንዳንዱን አዲስ ገዢ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በሁለት ዓምድ መመዝገብ ይበቃል፦ «ከገጹ» እና «ከሌላ ገዢ»። ከላይ ካለው ቀመር እንደምትረዱት፣ ጊዜው ረዘም ካለ ከጠቅላላ ገዢዎች ውስጥ በሌላ ገዢ በኩል የመጡት ድርሻ ራሱ «ብ» ነው። ከ100 ገዢዎች 60ዎቹ ከሰው ሰምተው ከመጡ «ብ» 0.6 ይሆናል፤ በቀጥታ የመጡት 40 ናቸው፣ 40 ÷ (1 − 0.6) ደግሞ 100 ነው። ገጹ ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ዋጋ መጻፍ ሲጀመር፣ ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱን ወይም ባለበት መቅረቱን መከታተል ይቻላል።

መቆጣጠሪያ ዘንግ

የኑክሌር ማብላያ ቦሮን ወይም ካድሚየም ያለባቸው መቆጣጠሪያ ዘንጎች አሉት፤ ሂደቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ኒውትሮኖችን ይውጣሉ። ንግድም እንዲሁ ነው። ጥበብ ያለበት ቀሚስ ለመሸመን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በወር 20 ቀሚስ ብቻ የሚያደርስ ሸማኔ 60 ትዕዛዝ ቢቀበል፣ ለፋሲካ የተባለው ልብስ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል፤ ቅሬታው ደግሞ ምስጋናው በሄደበት መንገድ ይጓዛል። «ብ» ከ0.9 ወደ 0.8 ሲወርድ ገበያው በግማሽ እንደሚቀንስ ከላይ አይተናል። «የዚህ ወር ትዕዛዝ ሞልቷል» ብሎ በግልጽ መጻፍ የነጋዴው መቆጣጠሪያ ዘንግ ነው።

በመጨረሻም መረቡ የሌላ ወገን ንብረት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓታት ያህል በመላው ዓለም ተቋርጠው ነበር። በአገራችንም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ገደብ ተጥሎባቸው ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በደብተር የመዘገበ ነጋዴ በአጭር መልእክት ሥራውን መቀጠል ይችላል። ያልመዘገበው ግን ተከታዮቹ ስንት እንደነበሩ ከማስታወስ በቀር የሚያደርገው የለውም።

በአጠቃላይ፣ ገጽ ክፈቱልን የሚል ጎረቤት ሲመጣ ከተከታይ ብዛት በፊት የእያንዳንዱን ገዢ እርካታና የማቀበል ፍላጎት እንድትመለከቱ እንመክራለን። በአቅራቢያችሁ ካለ አንድ ሱቅ ጋር ተስማምታችሁ ለሦስት ወራት «ብ»ን በየወሩ ብትለኩና በግራፍ ብታስቀምጡት፣ ለተማሪው የሒሳብ ልምምድ፣ ለባለ ሱቁም እንጀራው የሚመካበት መረጃ ይሆናል።