የጥብስ ቅጠል ለአእምሮ፦ ስንት ይበቃል?

ሥጋው ቀልቶ፣ ቃሪያው ገብቶ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጣል የምናደርገው ያ ቅጠል ሽታው ሳሎን ድረስ ይጣራል። እኛ በሥራው “የጥብስ ቅጠል” አልነው እንጂ ሌላው ዓለም ሮዝመሪ ይለዋል። የትውልድ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ሲሆን ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከናና ጋር ዘመድ ነው።

ስለ ጥቅሙ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የማዕድናት ዝርዝር ነው። በእርግጥ 100 ግራም እርጥብ የጥብስ ቅጠል ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየምና ከ6 ሚሊግራም በላይ ብረት ይዟል። ግን ይህን ያህል ቅጠል ማን ይበላል? ለአንድ ድስት ሁለት ዘለላ ቢገባ ነው። ካልሲየሙን ከወተትና ከጎመን ይፈልጉት። የዚህ ቅጠል ሀብት ካርኖሲክ አሲድና ሮዝማሪኒክ አሲድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሁለቱም ቅባት ቶሎ እንዳይበላሽ ይከላከላሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከቅጠሉ የሚወጣውን ጭማቂ ለምግብ ማቆያነት ፈቅዷል።

ለጥብስ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ሥጋ በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ፣ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ውህዶች ይፈጠራሉ። በአሜሪካ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሮዝመሪ ጭማቂ የተቀላቀለበት የተፈጨ የበሬ ሥጋ ሲጠበስ እነዚህ ውህዶች በእጅጉ እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። የተሞከረው የተጠናከረ ጭማቂ ስለሆነ የእኛ ሁለት ዘለላ ያንኑ ያህል ይሠራል ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ብቻ ከመጣል ይልቅ የተወሰነውን ቀጥቅጠው ሥጋውን ቀድመው ቢያሹበት የሚያጡት ነገር የለም።

አሁን ወደ ማስታወስ ችሎታ እንምጣ። ልጅዎ ለፈተና እያጠና ወይም እናትዎ የነገሩዋትን ቶሎ ቶሎ እየረሳች ከሆነ ይህን ክፍል በጥሞና ያንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ የኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 144 ሰዎችን በሦስት ከፍለው ፈተኑ። አንዱ ቡድን የሮዝመሪ፣ ሌላው የላቬንደር ሽታ ባለበት ክፍል፣ ሦስተኛው ምንም ሽታ በሌለበት ተቀመጠ። ሮዝመሪ የሸተታቸው የማስታወስ ጥራታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ነገር ግን ለማስታወስ የወሰደባቸው ጊዜ ረዘመ። ለተማሪ ግማሽ ደስታ ነው!

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 75 የሆነ 28 አረጋውያን የደረቀ ሮዝመሪ ዱቄት በተለያየ መጠን በየተራ ወሰዱ። ምግብ ላይ ከሚነሰነሰው ጋር የሚቀራረበው 750 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላው፣ የማስታወስ ፍጥነታቸውን አሻሻለ። 6,000 ሚሊግራም ሲወስዱ ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የለካውም የጥቂት ሰዓታትን ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ የመርሳት በሽታን ይፈውሳል የሚልዎትን ሰው አይመኑ፤ እናትዎን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። “ለፈተና ይረዳዋል” ብለው እፍኝ ሙሉ ቀቅለው ለልጅዎ ማጠጣቱም ይቅር። ልጁን እንቅልፍ ይበልጥ ይረዳዋል።

በሻይ መልክ ከወደዱት አንድ ትንሽ ዘለላ በፈላ ውኃ ላይ አምስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እንደ ሻይ ቅጠል ሁሉ ከሽሮና ከምስር የምናገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያውክ፣ በተለይ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣው። ነፍሰ ጡር ሴቶች ወጥ ላይ የሚገባው አያሳስባቸውም፤ በመድኃኒት መልክ በብዛት መውሰድ ግን አይመከርም። በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ፈጽሞ አይጠጣ፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። (ዘይቱን ለፀጉር የሚፈልጉት ብዙዎች እንደሆኑ እናውቃለን፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።)

ከጉሊት የገዙት ዘለላ እርጥብ ከሆነ ሁሉንም አይጨርሱት። ጣት የሚያህል ጫፉን ቆርጠው የታችኛውን ቅጠል ያራግፉና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይትከሉት፤ በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰዳል። ፀሐይ የሚያገኝ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ይስማማዋል። ውኃ ግን አያብዙበት፤ ሥሩ ይበሰብሳል።