የቀድሞው መልክ፣ የጠበበው አፈሙዝ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ የወገራን የገብስ ማሳ ጨርሶ የስሜን ተራሮች ከፊቱ ሲገተሩ፣ በባላገሩ ትከሻ ላይ የተጋደመውን፣ ደግሞም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንግዳ ተከትሎ ወደ ሳንካበር የሚወጣው ስካውት ያነገተውን ጠመንጃ ሳያይ አያልፍም፤ ሽጉጥ ግን እንዲህ በግላጭ የሚታይ ንዋየ ሐቅል አይደለም። ጠመንጃ የትከሻ ጌጥ ሲሆን ሽጉጥ የወገብ ምስጢር ነው፤ ቀድሞ የመኳንንትና የጦር አበጋዞች፣ ኋላም የመኰንኖች መታወቂያ ሆኖ ስለ ኖረ፣ በፉከራና በቀረርቶ እንደ ውጅግራና እንደ ቤልጅግ ጠመንጃዎች ያህል አልተወደሰም፤ ስለ አሠራሩ የሚጽፍ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሆኖም በዚህ ትንሽ መሣሪያ ዙሪያ፣ የተፈጥሮን ሕግ ለሚመረምር ሰው ደስ የሚያሰኝ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የዒላማ ወዳጆች፣ መልኩ ከመቶ ዓመት በፊት እንደ ነበረው የሆነ፣ እጀታው በእንጨት የተለበጠ፣ መምቻው ከኋላ ወጣ ብሎ የሚታይ፣ ነገር ግን አፈሙዙ ከጥንቱ የጠበበና ጥይቱ ያነሰ ሽጉጥ እየፈለጉ ይገዛሉ። ኃይል የሚሻ ሰው ሰፊውን አፈሙዝ ትቶ ጠባቡን መምረጡ ለላይ ተመልካች እንግዳ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ምክንያቱ ከፋሽን ይልቅ በሕገ ተፈጥሮ ውስጥ እንደሚገኝ፣ አያቶቻችንም በጠመንጃ በኩል ቀድመው እንደ ቀመሱት አምናለሁ።

የዚያ ጥንታዊ መልክ አባት ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የተወለደው በጥር 1847 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በየካቲት፣ በዚሁ በስሜን ምድር ደጃዝማች ውቤ ድል ሆነው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። ሁለቱን ነገሮች ከወራቱ መቀራረብ በቀር የሚያገናኛቸው የለም፤ ነገር ግን በመሣሪያ ፍቅራቸው የታወቁት ንጉሠ ነገሥት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ነፍሳቸውን የሠዉት ከእንግሊዝ ንግሥት በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የሽጉጥን መልክ ለመቶ ዓመት የወሰነው ጠቢብ የዘመነ መንግሥታቸው እኩያ መሆኑ ሳያስገርመው አይቀርም።

ብራውኒንግ የሠራው ታላቁ ሽጉጥ በአሜሪካ ሠራዊት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1911 ነበርና በዚሁ ዓመት ስም ይጠራል። አሜሪካኖች በፊሊፒንስ ሲዋጉ የያዙት ጠባብ ሽጉጥ ደክሞባቸው ስለ ነበር፣ አዲሱ አፈሙዝ 11 ሚሊሜትር ከግማሽ ያህል ስፋት እንዲኖረው ፈለጉ። ሽጉጡን በቅርብ ላየው፣ ከላይ ረዘም ያለ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ተጋድሞበት በሞላ ኃይል ወደ ኋላና ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ቃታው እንደ ብዙዎቹ ሽጉጦች በምሰሶ ላይ የሚዞር ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚገፋ ነው፤ ጉዞውም እጅግ አጭር በመሆኑ ጣት ሲጫነው እጅን አያናውጥም። የእጀታው ዘንበል ማለት ደግሞ ክንድ ሲዘረጋ አፈሙዙ በራሱ ወደ ዒላማው እንዲያመለክት ያደርጋል። ዛሬም ድረስ ሰዎች ይህን መልክ የሚወዱት ስለ አሮጌነቱ ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ስለ ቃታውና ስለ እጀታው ነው።

ወደ ምርምሩ እንግባ። ማንኛውም ግፊት እኩል የሆነ ተቃራኒ ግፊት አለው፤ አረሩ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ሽጉጡ በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይገፋል። የ1911ዱ ትልቅ ጥይት አረር 15 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሰኮንድ 255 ሜትር አካባቢ ነው። ሽጉጡ 1.1 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር፣ በሰኮንድ 3.5 ሜትር ፍጥነት ወደ ተኳሹ መዳፍ ይመለሳል። አሁን ይህንኑ ሽጉጥ፣ ክብደቱንና መልኩን ሳንነካ፣ 9 ሚሊሜትር ጥይት እንዲጎርስ እናድርገው፤ አረሩ ወደ 7.5 ግራም ወርዶ ፍጥነቱ በሰኮንድ ወደ 360 ሜትር ያድጋልና ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚገፋው በ2.45 ሜትር ብቻ ይሆናል። ፍጥነቱ የቀነሰው በሦስት አሥረኛ ገደማ ነው፤ መዳፍ የሚቀበለው ጉልበት ግን በፍጥነቱ ካሬ የሚለካ ስለሆነ በግማሽ ይቀንሳል። ይልቁንም ለልምምድ የሚውለውን፣ አረሩ ሁለት ግራም ተኩል ያህል የሆነውን ቀጭን ጥይት ቢያጎርሱት፣ መዳፍ የሚደርሰው ጉልበት ከትልቁ ከሃያ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ኮልት የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1931 ይህን የመሰለ ሽጉጥ አውጥቶ ነበር፤ የሚያስቀው ግን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ፋብሪካ፣ ካርባይን ዊልያምስ በተባለ ጠቢብ ዘዴ፣ ትንሿ ጥይት እንደ ትልቁ እንድትራገጥ አድርጎ ለወታደሮች ማሠልጠኛ መሸጡ ነው። ሰው የሸሸውን ነገር በገንዘቡ መልሶ ሲገዛ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

አያቶቻችን ቀመሱት ያልሁት ይህን ነው። ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ በአድዋ ሠራዊታችን ከያዛቸው አንዱ የሆነው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር ሲሆን 25 ግራም እርሳስ በሰኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር። ጥቁር ባሩድ ፍጥነቱን ከዚህ እጅግ አሻግሮ ማሳደግ ስለማይችል፣ ኃይል የፈለገ ሠሪ እርሳሱን ከማወፈር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ትከሻን የሚደበድበውም ይኸው ውፍረት ነው። ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ እ.ኤ.አ. በ1884 ባገኘ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ባሩድ የተሠራው የለቤል ጠመንጃ አፈሙዙ 8 ሚሊሜትር ብቻ፣ አረሩም 15 ግራም ሆኖ፣ ፍጥነቱ ከ600 ሜትር አለፈ። ሒሳቡን ላሰበው፣ ጠባቡ ጠመንጃ ከሰፊው ይልቅ ብዙ ጉልበት ወደ ዒላማው ያደርሳል፤ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ግፊት ግን ያንሳል። የሽጉጥ ወዳጆች ዛሬ የሚያደርጉት ምርጫ ይህንኑ ታሪክ በትንሹ መድገም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ እንግዲያውስ ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሁሉ ለእጅ ይለዝባል ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም የሚገልጥልን ከደባርቅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ስፍራ ነው። ከከተማው አልፎ መንገዱ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድበት በወልቅፊት ገደል ጫፍ፣ የኢጣሊያ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስቀል ሰሞን፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት በኅዳር ተለቀቀ። በዚያ ዘመን የኢጣሊያ መኰንን በወገቡ የሚታጠቀው ሽጉጥ ቤሬታ ሲሆን፣ 1934 ተብሎ በአውሮፓ ዓመት የሚጠራው ይህ ባለ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ 660 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ጥይቱም ኢጣሊያኖች ዘጠኝ ኮርቶ፣ ማለትም አጭሩ ዘጠኝ፣ የሚሉት ነው።

ቤሬታው ትንሽና ቆንጆ ነው፤ ለእጅ ግን የመልኩን ያህል የዋህ አይደለም። አረሩ ስድስት ግራም ያህል ቢሆንም ሽጉጡ ራሱ ቀላል ስለሆነ፣ ወደ ኋላ የሚገፋበት ፍጥነት፣ ከዚያ ይልቅ ኃይለኛ የሆነውን፣ ቀደም ብለን ያጎረስነውን 9 ሚሊሜትር ጥይት ከሚተኩሰው ከከባዱ የ1911 መልክ አያንስም። ሁለተኛም ምክንያት አለ፦ የብራውኒንግ ትልቁ ሽጉጥ በመወርወሪያ እንደ ተዘጋ በር ነው፤ አረሩ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ በርሜሉና ተንሸራታቹ ብረት ተቆላልፈው አብረው ይሄዳሉ፤ ቤሬታው ግን በሩን ከኋላው ከባድ ድንጋይ አስደግፎ እንደ ዘጋ ሰው፣ በተንሸራታቹ ብረት ክብደትና በሞላው ብቻ ይተማመናል። ይህ ዓይነቱ አሠራር ለሠሪው ርካሽ፣ ለመፍታትና ለመግጠም ቀላል ነው፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያሳርፈው ምት ግን ስል ነው። ስለዚህ የለዘበው ምት የሚገኘው ከጠባብ አፈሙዝ ብቻ ሳይሆን፣ ጠባብ አፈሙዝና የቀድሞው ከባድ አካል አንድ ላይ ሲጋቡ ነው።

በዚህም ነገር ከዘመኑ ሠሪዎች ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በብራውኒንግ ስም የሚጠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የ1911ዱን መልክ ወደ 85 በመቶ አሳንሶ፣ አጭሩን ዘጠኝ እንዲጎርስ አድርጎ አወጣ። ለትንሽ እጅ የተስማማ፣ ለዓይንም ያማረ መሆኑን አልክድም፤ በርሜሉም እንደ ታላቁ የሚቆለፍ ነው። ነገር ግን ክብደቱን ወደ ግማሽ ኪሎ ስላወረዱት፣ ከጥይቱ ማነስ የተገኘውን ትርፍ ከፊሉን መልሰው አጠፉት።

የምቱ መለዘብ ጥቅሙ ምቾት ብቻ አይደለም። ጆሮ ፍንዳታውን፣ መዳፍም ምቱን አንዴ ካወቀ በኋላ፣ አእምሮ ቃታው ሳይሳብ ቀድሞ ይሸማቀቃል፤ የክንድ ጅማቶች ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ ይኮማተራሉ፤ አፈሙዙም ወደ ታች ይዘነበላል። ጥይት ዒላማውን ከሚስትባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ወቀሳው ግን ሁልጊዜ በመሣሪያው ላይ ይወድቃል። ምቱ ባነሰ ቁጥር ይህ ፍርሃት ይደክማል። ጠባብ አፈሙዝ ጆሮን ያድናል ማለት ግን አይደለም፤ የሽጉጥ ተኩስ ሁሉ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለውን የ140 ዴሲቤል ወሰን ያልፋል።

የደጋው ከፍታ በዚህ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለሚጠይቅ፦ ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ አረርም በዚያ ሲበር የሚገጥመው እንቅፋት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሽጉጥ ርቀት ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ ወደ መዳፍ የሚመለሰውን ግፊት ደግሞ ከፍታው ከቶ አይነካውም።

በመጨረሻ ከአባቱ ወይም ከአያቱ አሮጌ ሽጉጥ ለወረሰ ሰው የምለው አለ። በአገራችን ዘጠኝ እየተባሉ የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ጥይቶች ይገኛሉ፦ የቤሬታው አጭሩ ዘጠኝ ቀለሁ 17 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ከሶቪየት መሣሪያ ጋር የገባው የማካሮቭ 18፤ ረጅሙ ዘጠኝ ደግሞ 19 ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን የማካሮቭ አረር ከሁለቱ በሩብ ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ ረጅሙ ዘጠኝ እንዲሸከም የተፈቀደለት የጋዝ ግፊትም አጭሩ ከሚሸከመው 1.7 እጥፍ ነው። አንዱን በሌላው ሽጉጥ ማጉረስ በርሜሉን ሊያፈነዳ፣ መዳፍንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በስሙ ሳይታለሉ በቀለሁ ግርጌና በበርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያነጻጽሩ፤ ካልተነበበ አይተኩሱበት፤ ሽጉጡንም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት በሕግ ፊት ያስመዝግቡት።