ለዓመታት የቆመ የናፍጣ ሞተር እንዴት ይነሣል?

የገጠር እህል ወፍጮ የሚያዞር አሮጌ የናፍጣ ሞተር ለዓመታት ቆሞ አልነሣም ሲል፣ ብዙዎች በጉልበት ሊያስነሡት ይሞክራሉ። ነገር ግን እንቢታው ምክንያት አለው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየር አጥብቆ ሲጨመቅ እጅግ ይግላል፤ የተረጨው ናፍጣም በዚያ ሙቀት ይቀጣጠላል።

ስለሆነም በቅድሚያ አሮጌው ናፍጣ ከነዝቃጩና ከነውኃው ይውጣ፤ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጡ። ቀጥሎም ግፊት ማላያው እጀታ ተከፍቶ ሞተሩ በማኖቬላ በዝግታ ይዙር። ፒስተኑ ዝጎ ከተጣበቀ ቀጭን ዘይት አፍስሶ ለቀናት መታገሥ ይገባል፤ ማስገደድ ስብራትን ያመጣል።

ብዙ ጊዜ የእንቢታው መንስኤ ወደ ነዳጅ ቱቦ የገባ አየር ነው። አየር ስለሚጨመቅ የፓምፑን ግፊት ይውጠዋል፤ ናፍጣውም ሳይረጭ ይቀራል። መፍትሔው የማስተንፈሻውን ቡሎን አላልቶ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወርድ ማፍሰስ፣ ከዚያም ማጥበቅ ነው።

በአየር መሳቢያው ኤተር ወይም ቤንዚን መጨመር ግን አደገኛ ነው። ያለጊዜው ሲቀጣጠል ፒስተን ይሰብራል፤ ማኖቬላውም ወደኋላ ተመልሶ ክንድ ሊሰብር ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ ከቁጥጥር ውጭ ከፈጠነ፣ የአየር መሳቢያውን የሚከድን ጠንካራ ጣውላ አስቀድሞ በአጠገብ ይቀመጥ።

የአንድ ሰዓት ችኮላ ወፍጮውን ለወራት ቢያቆመው፣ እህሉን ተሸክመው ሩቅ መንደር የሚጓዙት እናቶች ናቸው። ስለዚህ ከጉልበት በፊት ምርመራ ይቅደም።