ስለ ልጃገረዶች መብት የቆሙት ጠበቃ



በደባርቅ ከተማ በገበያ ቀን ማለዳ ከፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው የአገሩን ኑሮ እንደ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል። አንዱ ስለ መሬት ድንበር፤ ሌላው ስለ እኽል ብድር፤ አንዲቱም ለልጇ ቀለብ ለመጠየቅ ከደጋው መንደር ሌሊት ተነሥተው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ራፖር ጸሐፊውም ከግንብ ሥር ተቀምጦ የያንዳንዱን ቃል በወረቀት ላይ ያሰፍራል። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስላገለገልን፤ በአፍ ብቻ የተነገረ በደል ወደ መዝገብ እስኪገባ ድረስ በዳኛ ፊት እንዳልተፈጸመ የሚቈጠር መሆኑን በየቀኑ አይተናል። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ራሱ ጥቅም ሳይሆን ስለ ብዙ ሰው መብት የሚሟገት የሕግ ዐዋቂ ለቤታችንና ለልጆቻችን ምን እንደ ሠራ ለማስታወስ ነው።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ከብዙ ዓመት በፊት፤ በሌላ ወረዳ ስናገለግል፤ ዕድሜዋ 15 ዓመት የሚሆናት ልጃገረድ ከአክስቷ ጋራ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት መጣች። በጥር ወር አባቷ ድሯት ነበርና፤ ጋብቻው ፈርሶላት ወደ ትምህርቷ ለመመለስ ለመነች። እኛም ማመልከቻውን ተመልክተን «ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አባቷ ይፈርምላት፤ የዕድሜም ማስረጃ ታምጣ» ብለን መለስናት። የዳራት አባትየው ራሱ መሆኑን እያወቅን እንዲህ ማለታችን ምን ያኽል ከንቱ ነገር እንደ ነበረ ያን ጊዜ አልታየንም። አክስቲቱም «እሺ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ዓመት ያችው ልጅ ሕፃን አዝላ ስለ ቀለብ ልትከስ ተመልሳ መጣች። ስሟን ስንጽፍ ዐወቅናት፤ እርሷም ዐወቀችን፤ ነገር ግን ስለ ቀድሞው ነገር አንዳችን ለሌላችን ምንም አልተናገርንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያች ልጅ ልትጠራው የመጣችው ሕግ ከወዴት እንደ ተገኘ ስንመረምር፤ ብዙ ድካም የተከፈለበት መሆኑን ተረዳን። ከደካሞቹም አንዲቱ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው።

ወይዘሮ መዓዛ የተወለዱት በምዕራብ ኢትዮጵያ በአሶሳ ነው። የሕግ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ. ም. ተመረቁ። ያ የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ. ም. የተከፈተ ሲሆን፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ለአገሪቱ ዳኞችንና ጠበቆችን ሲያወጣ የኖረ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1989 እስከ 1992 ዓ. ም. በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ከዚያም ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ለአርቃቂው ኮሚሲዮን የሕግ አማካሪ ሆኑ። በነሐሴ ወር 1987 ዓ. ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጹ የሴቶችን መብት ለይቶ መጻፉን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል።

ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ቢልም፤ ከሥሩ ያሉት ሕጎች በቀድሞው ዐሳብ የተጻፉ ነበሩ። በ1949 ዓ. ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የዤኔቩ ፕሮፌሶር ዣን ግራቨን፤ በ1952 ዓ. ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት የፓሪሱ ፕሮፌሶር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሁለቱም ታላላቅ የሕግ መምህራን ናቸው፤ ሥራቸውም እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ባልንም የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፤ ሚስት በሕግ ላልተከለከለ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የወንጀለኛ መቅጫውም ልጃገረድን የጠለፈ ሰው በኋላ በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች፤ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ እንዳይከሰስ ይከለክል ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በጠላፊው ቤት ተዘግታ ላለች ልጅ ምን ትርጕም እንዳለው አስቡት። ሽማግሌዎች ገብተው፤ ካሳ ተቈርጦ፤ ድግስ ተደግሶ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ወይዘሮ መዓዛና ባልንጀሮቻቸው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ. ም. ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው። የማኅበሩ ሥራ ሁለት ነበረ፤ አንደኛው ገንዘብ ለሌላት ሴት ያለ ዋጋ ምክር መስጠትና ጠበቃ ማቆም፤ ሁለተኛውም ሕጉ ራሱ እንዲሻሻል በጥናትና በአቤቱታ መትጋት ነው። እነዚህ ሁለቱ የማይለያዩ መሆናቸውን በአንድ ታላቅ ነገር አሳዩ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ. ም. በአርሲ አውራጃ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ከተዘጋባት ቤት ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥ ተከትሎ የደረሰባትን ጠላፊዋን ተኵሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የአገሩ ልማድ ጠለፋውን የጋብቻ መንገድ አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበረ፤ ጥፋተኛይቱ እርሷ መስላ ታየች። ማኅበሩ ግን ጠበቃ ቆመላት፤ ልጅቱ ያደረገችው ራስን መከላከል መሆኑን አስረዳ። ሁለት ዓመት ያኽል ከተሟገቱ በኋላ በነጻ ተለቀቀች። ይኸው ታሪክ በኋላ «ድፍረት» በሚል ስም በዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ አዘጋጅነት ፊልም ሆኖ በ2014 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታየ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ጠበቃም የተቀረጸችው በወይዘሮ መዓዛ ምሳሌ ነው።

ስለ ሕዝብ ጥቅም መሟገት ማለት እንዲህ ያለው ነው። ባለጕዳይዋ አንዲት ልጅ ናት፤ ፍርዱ ግን በመላው አገር ያሉ አባቶችንና ጐረምሶችን ያስተምራል፤ ሕግ አውጪውንም ያነቃል። ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ መስሎ አይታያችሁ። አባቶቻችን በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ከሚያደርገው ነገር ቆሞ ወደ ዳኛ እንዲሄድ፤ አላፊ አግዳሚውም ይህንን ሲሰማ ዝም ብሎ እንዳያልፍ ሥርዐት ነበራቸው። «ምን አገባህ?» ተብሎ አይጠየቅም ነበር፤ ሕጉ የሁሉ ነውና።

በሌላውም ዓለም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የሚባሉ የሕግ ፕሮፌሶር፤ በራትገርስና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች እያስተማሩ፤ በ1972 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሴቶች መብት የሚሟገት ክፍል ከሌሎች ጋራ አቋቋሙ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፊት ስድስት ጊዜ ቀርበው አምስቱን ረቱ። በ1993 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ድኾች በተራ ደብዳቤ የጻፉትን አቤቱታ እንደ ክስ ተቀብሎ መዝገብ ይከፍት እንደ ነበረ ሰምተናል። ይህን የሰማን ጊዜ፤ እኛ በመስኮታችን የመለስናትን ልጅ አስታወስን።

የኢትዮጵያውያት ድካም ፍሬ አፈራ። በ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዐዋጅ ቍጥር 213 ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ሆነ፤ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል ሆኑ። ይህ ሕግ የፌዴራል ስለሆነ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ. ም. በዐዋጅ ቍጥር 79 ዕድሜውን በ18 ዓመት ወሰነ። ከዚያም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ. ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አደረገ፤ ጠላፊው ልጅቱን ቢያገባትም ከቅጣት እንዳያመልጥ ደነገገ። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅን ያገባ ሰው፤ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፤ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል።

መንገዱ ግን ቀና ብቻ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ. ም. ማኅበሩ ከሥራ ታግዶ፤ በዚያው ዓመት እገዳው ተነሣለት። በ2001 ዓ. ም. በኛ አቈጣጠር የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዐዋጅ ደግሞ በመብት ጕዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳይቀበል ስለ ከለከለ፤ የማኅበሩ ሥራ እጅግ ተዳከመ። ያ ዐዋጅ የተሻረው በ2011 ዓ. ም. ነው። በነዚያ ዓመታት ጠበቃ አጥተው የተመለሱትን ሴቶች ማን ይቈጥራቸዋል?

ወይዘሮ መዓዛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ. ም. የሀንገር ፕሮጀክትን የአፍሪካ ሽልማት ተቀበሉ፤ በኋላም እናት ባንክን ከመሠረቱት አንዲቱ ሆኑ። በጥቅምት 2011 ዓ. ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ለዚህ ማዕርግ የመጀመሪያይቱ ሴት ነበሩ፤ በጥር 2015 ዓ. ም. ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በስሜን ግርጌ ላለነው ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች ምን ይጠቅመናል? የደጋ ገብስ ታጭዶ ጐተራ ከገባ በኋላ የሠርግ ወራት ይመጣል። ልጁን በልጅነቷ የሚድር አባት ጨካኝ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። እንዳትጠለፍበት ይፈራል፤ ክብሯ እንዳይነካ ይሠጋል፤ ሳይሞት የልጅ ልጅ ማየት ይመኛል። ፍርሀቱን አንንቅም። ነገር ግን ጠለፋ ዛሬ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን የሚያሳስር ወንጀል ነውና፤ ሕጉ ልጅቱን ብቻ ሳይሆን አባቷንም የሚጠብቅ ጋሻ ነው። ጋሻ ግን ካላነሡት አይከላከልም።

ስለዚህ ከምናውቀው ጥቂቱን እንመክራለን። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ልትዳር መሆኑን የሰማ ጐረቤት፤ አክስት፤ ወይም መምህር ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ያመልክት። ዕድሜዋ ሳይደርስ የተፈጸመ ጋብቻ እንዲፈርስ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ጕዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ሊጠይቅ እንደሚችል የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ31ኛው አንቀጹ ይናገራል። የዳራት አባት ፊርማ ለዚህ አያስፈልግም። ደግሞም ልጅቱ 18 ዓመት ከሞላት በኋላ በዚህ ምክንያት ጋብቻው ይፍረስ ማለት እንደማይቻል ያው አንቀጽ ይደነግጋል፤ ያን ጊዜ የሚቀራት የፍቺ መንገድ ነው። «ለከርሞ ይደርሳል» የሚባል ነገር አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት ባይኖርም፤ የትምህርት ቤት መዝገብና የሐኪም ምርመራ ለዕድሜዋ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በድኻ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕጉ ይፈቅዳል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ወላጆችም ልጅ ሲወለድላችሁ ወዲያው አስመዝግቡ፤ ያ ወረቀት ለልጃችሁ የመጀመሪያው ጠበቃዋ ነው።

እኛም ከዚያ ወዲህ ልማዳችንን ለውጠናል። ልጃገረድ ወደ መስኮታችን ስትመጣ አስቀድመን የምናየው ያመጣችውን ወረቀት ሳይሆን እርሷን ነው፤ ጐድሎባት ከሆነም ተመለሺ ሳንል ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይዘናት እንሄዳለን። ታላላቆቹ ጠበቆች በአዲስ አበባ ያስገኙት ሕግ እስከ ስሜን ተራራ ሥር የሚደርሰው በጐረቤቱ አንደበት፤ በመምህሩ ጥቆማና በጸሐፊው ብዕር ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ተርተዋል። ለጭብጦ እንዲህ ከታዘነ፤ ያለ ፍርድ ለሄደች ልጅ ምን ያኽል ሊታዘን ይገባል?